ከጉባኤ ቤት እስከ ሴሚናር፦ የጀማሪ ተመራማሪዎች መድረክ ታሪክ



የደረሰኝ የግብዣ ደብዳቤ «ለድኅረ ምረቃ ተመራማሪዎች ስላሉ ዕድሎችና መድረኮች» ንግግር እንዳደርግ ይጠይቃል። የነጻ ትምህርቱን፣ የጉዞ ድጋፉንና የዐውደ ጥናቱን ዝርዝር የድኅረ ምረቃ ጽሕፈት ቤቱ ባልደረቦች ከእኔ በተሻለ ያውቁታል። እኔ የታሪክ መምህር ነኝ፤ የታሪክ መምህር ደግሞ «ዕድል» የሚለውን ቃል ሲሰማ «ማን ከፈተው? ማን ገባበት? ምንስ ትቶ አለፈ?» ብሎ መጠየቅ ይቀናዋል። ስለዚህ የዛሬው ንግግሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና በዙሪያው የጀማሪ ተመራማሪዎች መድረክ እንዴት እንደተወለደ፣ እንዴት እንዳደገና ዛሬ ምን እንደተጋረጠበት ይመለከታል። የምጠቅሳቸው ጉባኤዎች ብዙዎቹ ዓለም አቀፍ ስለሆኑ ዘመናቱን የምቆጥረው በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር መሆኑን ከወዲሁ አሳስባለሁ።

የምከራከርለት ሐሳብ አንድ ነው። በአገራችን ተመራማሪ የተሠራው በክፍል ትምህርት ብቻ አይደለም። ጀማሪው ቆሞ ሲናገር የሚሰማው፣ ሰምቶ የሚጠይቀው፣ የተባለውንም በጽሑፍ የሚያስቀርለት ጉባኤ ሲያገኝ ነው። ከእነዚህ አንዱ ሲጎድል ጉባኤው ድግስ ሆኖ ይቀራል።

«ጉባኤ» የሚለው ቃል ራሱ ዕድሜው ረጅም ነው። ዩኒቨርሲቲ ከመቋቋሙ ከብዙ ዘመን በፊት የቤተ ክርስቲያኑ ሊቅ ጉባኤ ዘርግቶ ያስተምር ነበር። ደቀ መዝሙሩ ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ ቁራሽ እየለመነ ከአንዱ ደብር ወደ ሌላው ይጓዛል፤ ቅኔውን ከአንዱ፣ ዜማውን ከሌላው፣ ትርጓሜውን ከሦስተኛው መምህር ይማራል። በቅኔ ቤት ተማሪው ሌሊት ያሰበውን ቅኔ በመምህሩ ፊት ያቀርባል፤ ቤት ከጎደለው፣ ምሥጢሩ ከላላ እዚያው ይታረማል። እርማቱን የሚሰማው እሱ ብቻ አይደለም፤ ጓደኞቹም ይሰማሉ፤ የአንዱ ስሕተት ለሁሉም ትምህርት ይሆናል። የዘመናዊው ሴሚናር ከዚህ ተወረሰ ማለቴ አይደለም፤ ምንጩ ሌላ ነው። ነገር ግን ጀማሪ በሰው ፊት ተናግሮ በሰው ፊት መታረሙ ለዚህ አገር እንግዳ ነገር እንዳልነበረ ልብ በሉልኝ።

ወደ ዘመናዊው ትምህርት እንለፍ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1950 ሥራውን ሲጀምር የድኅረ ምረቃ ትምህርት አልነበረውም። ቢሆንም የኮሌጁ ተማሪዎች የኢትኖሎጂ ማኅበር አቋቁመው ከ1953 እስከ 1961 የዘለቀ መጽሔት ያሳትሙ ነበር። ወጣቶቹ ለዕረፍት ወደየትውልድ ቀያቸው ሲመለሱ የሠርጉን ሥርዓት፣ የለቅሶውን ወግ፣ የእርሻውንና የዕደ ጥበቡን ልማድ ከሽማግሌ እየጠየቁ ጽፈው ይመለሱ ነበር። ጽሑፎቹ አጫጭር ናቸው፤ በዛሬ መስፈርት ዘዴያቸው ብዙ ይጎድለዋል። ሆኖም ታትመው ስለቀሩ ከአርባ ዓመት በኋላ አንድ ላይ ተሰብስበው እንደገና ለመታተም በቅተዋል። እነሆ የመጀመሪያው ትምህርት፦ በዚህ አገር የምርምር መድረክ ከድኅረ ምረቃው ፕሮግራም ቀድሞ ተወለደ። የወለደውም በጀት አይደለም፤ የተማሪዎቹ ጉጉትና አንድ መጽሔት ነው።

በዚያው ዘመን መጨረሻ የኢትዮጵያ ጥናት ዓለም አቀፍ ጉባኤ ተጀመረ። የመጀመሪያው በ1959 በሮም፣ በሊንቼ ብሔራዊ አካዳሚ፣ በኤንሪኮ ቼሩሊ አስተባባሪነት ተካሄደ። ሁለተኛው በ1963 በማንቸስተር ሆነ። የውይይቱ ማዕከል በአብዛኛው የሴማውያን ቋንቋዎችና የግእዝ ሥነ ጽሑፍ ነበር፤ ስለ ኢትዮጵያ በስፋት የሚናገሩትም የአውሮፓ ሊቃውንት ነበሩ። ሦስተኛው ጉባኤ ግን በ1966 አዲስ አበባ መጣ። ይህን ለውጥ ያስቻለው በ1963 በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት የተቋቋመው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ነው። ሪቻርድ ፓንክረስት በዳይሬክተርነት፣ ስታኒስላቭ ሆይናትስኪ በቤተ መጻሕፍቱና በቤተ መዘክሩ ኃላፊነት የመሩት ይህ ተቋም በዚያው ዓመት የራሱን መጽሔት ጀመረ፤ የ1966ቱን ጉባኤ ጥናቶችም በሦስት ቅጽ አሳተመ። ከዚያ በኋላ ስለ ኢትዮጵያ ማጥናት የሚፈልግ ሰው፣ ኢትዮጵያዊም ይሁን የውጭ አገር ዜጋ፣ የተቋሙን ንባብ ክፍል ሳይረግጥ ማለፍ አይችልም ነበር። በዚያ ክፍል ከጎንህ የተቀመጠው እንግዳ አጥኚ ነገ በሴሚናር ጠያቂህ ይሆናል።

በዚህ ጊዜ ከፍተኛ ዲግሪ የሚፈልግ ኢትዮጵያዊ የታሪክ ተማሪ ወደ ውጭ መሄድ ነበረበት። ታደሰ ታምራት፣ መርዕድ ወልደ አረጋይና ባሕሩ ዘውዴ የዶክትሬት ጥናታቸውን የሠሩት በለንደን ዩኒቨርሲቲ የምሥራቅና የአፍሪካ ጥናት ትምህርት ቤት ነው። ያ ቤት ሮላንድ ኦሊቨር የአፍሪካን ታሪክ እንደ ሙሉ የትምህርት ዘርፍ ያቋቋሙበት፣ የአፍሪካ ታሪክ ሴሚናር ሥር የሰደደበት ቤት ነው። በሴሚናሩ ጥናት አቅራቢው መምህርም ይሁን ተማሪ ከጥያቄ አያመልጥም። ምሁራኑ ወደ አዲስ አበባ ሲመለሱ ይዘውት የመጡት ዲግሪ ብቻ አልነበረም፤ የመጠየቅን ልማድም ይዘው መጡ ብዬ አምናለሁ። የመርዕድ የ1971 ጥናት፣ የክርስቲያኑን መንግሥትና ደቡባዊ ኢትዮጵያን ከ1508 እስከ 1708 የሚመረምረው፣ በመጽሐፍ መልክ ሳይታተም የዘመኑ አጥኚ ሁሉ የሚጠቅሰው ሥራ ሆኖ ኖሯል። ያልታተመ ጽሑፍ እንዲህ የሚዘልቀው ከእጅ ወደ እጅ የሚያስተላልፈው፣ በውይይት ላይ ደጋግሞ የሚያነሣው ማኅበረ ምሁራን ሲኖር ብቻ ነው።

ከ1974ቱ አብዮት በኋላ ተማሪው በዕድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ ገጠር ተሰማርቶ ዩኒቨርሲቲው ለሁለት ዓመት ያህል መደበኛ ትምህርቱን አቋረጠ። ተከትሎም የቀይ ሽብር ዘመን መጣ፤ ከዚህ ግቢ ስንት ወጣት እንደወጣ ቀረ። ይህ ሁሉ ሳይረሳ ነው የድኅረ ምረቃ ትምህርት ቤቱ በ1978 የተከፈተው። ወደ ውጭ የሚላክ ሁሉ አይመለስም ነበር፤ ለሚሰፋው ከፍተኛ ትምህርት ግን መምህር ያስፈልጋል። ስለዚህ በአገር ውስጥ ማሠልጠን የግድ ሆነ። ከችግር የተወለደው ይህ ፕሮግራም የታሪኩን ካርታ ለወጠው። ተሰማ ታኣ በ1980 የወለጋ ኦሮሞን ታሪክ፣ ጉሉማ ገመዳ በ1984 በጊቤ አካባቢ የጎማንና የሊሙን የመንግሥት ምሥረታ ለሁለተኛ ዲግሪ ጥናታቸው ርእስ አድርገው ሠሩ። በለንደንና በሮም መዛግብት ድምፃቸው እምብዛም የማይሰማ ሕዝቦች ከአፍ በተሰበሰበ ታሪክ ወደ ጥናቱ ገቡ። የታሪክ መስኩ የሰፋው ጥቂት ወጣቶች ቴፕ ሪከርደራቸውን ይዘው ከሽማግሌ ፊት በመቀመጣቸው ነው።

ይህ ሥራ መድረክ ያስፈልገው ነበርና የታሪክ ትምህርት ክፍሉ በ1980ዎቹ የራሱን ሴሚናር አቋቋመ። አራተኛው ሴሚናር ከ8 እስከ 12 ሐምሌ 1987፣ በክረምት፣ ከመዲናዋ ርቆ በአዋሳ ተካሄደ፤ ጥናቶቹም በ1989 ታትመው ወጡ። አምስት ቀን ሙሉ በአንድ ቦታ አብሮ መዋል ምን ማለት እንደሆነ የጉባኤ ሰው ያውቀዋል። በስብሰባ አዳራሽ ያልተፈታው ክርክር በምሳ ገበታ ይቀጥላል፤ በጉባኤ ፊት ለመጠየቅ ያፈረው ወጣት ማታ በሐይቁ ዳር ይጠይቃል።

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚነሣ አንድ ሰበብ አለ፦ «ጊዜው አይደለም፤ አገር ሲረጋጋ እናዘጋጃለን» የሚል። ታሪኩ ግን ይህን አይደግፍም። ስምንተኛው የኢትዮጵያ ጥናት ጉባኤ አዲስ አበባ ላይ የተካሄደው በኅዳር 1984 መጨረሻ ነው፤ የረኃቡ ምስል ዓለምን ካስደነገጠ አንድ ወር ያህል ብቻ አልፎ ነበር። በታደሰ በየነ አዘጋጅነት ጥናቶቹ በ1988ና በ1989 በሁለት ቅጽ ወጡ። አሥራ አንደኛው ጉባኤ የተከፈተው በሚያዝያ 1991 መጀመሪያ ነው፤ ሁለት ወር ሳይሞላ መንግሥት ወድቆ የኢሕአዴግ ሠራዊት አዲስ አበባ ገባ። የዚያ ጉባኤ ጥናቶችም በ1994 ታተሙ። በመካከሉ በ1993 ከ40 በላይ የዩኒቨርሲቲው መምህራን ከሥራ ሲሰናበቱ በየትምህርት ክፍሉ ወንበር ባዶ ሆነ፤ እንዲህ ያለው ጉድለት የመጀመሪያውን ጫና የሚያሳርፈው አማካሪ በሚፈልገው ተማሪ ላይ ነው። ጉባኤው ግን አልተቋረጠም። በ2012 በድሬዳዋ ሲካሄድ በኢትዮጵያ ምድር ከአዲስ አበባ ውጭ የመጀመሪያው ሆነ። በ2018 መቀሌ አስተናገደች። በ2020 ጦርነቱ ተነሣ፤ ሃያ አንደኛው ጉባኤ በ2022 አዲስ አበባ ላይ ሲሰበሰብ፣ ከአራት ዓመት በፊት እንግዶቹን የተቀበለችው ከተማ መንገዷም ስልኳም ተቋርጦ ነበር። የፕሪቶሪያው ስምምነት የተፈረመው ከዚያ በኋላ ነው። ይህን የምጠቅሰው ለማስደነቅ አይደለም። መድረኮቻችን ሰላማዊ ዘመን ጠብቀው እንዳልተዘረጉ፣ አንዳንዴም ከወንበሩ ላይ የጎደለውን ሰው ማሰብ የጉባኤው ሥራ አካል እንደነበር ለማሳየት ነው።

አሁን ከራሴ አንድ ነገር ልጨምር። በ1990ዎቹ የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ ሳለሁ የአንዲት የደቡብ ምዕራብ የገበያ ከተማ ታሪክ እጽፍ ነበር። ዋና የመረጃ ምንጬ አንድ አዛውንት ነበሩ፤ የገበያውን መመሥረት «በዐይኔ አይቻለሁ» ብለው በዝርዝር ነግረውኛል። ያንን በሴሚናር በልበ ሙሉነት አቀረብኩ። ከኋላ ወንበር የተቀመጡ አንድ አንጋፋ መምህር እጃቸውን አነሡና፦

«ልጄ፣ እኚህ አባት ስንት ዓመታቸው ነው?» አሉኝ።

«ሰማንያ ሁለት ነው ብለውኛል» አልኩ።

«ገበያው ተመሠረተ ያልክበትን ዓመት እስቲ ከዚያ ላይ ቀንሰው።»

ቀነስኩት። ገበያው ከአዛውንቱ ልደት በአሥር ዓመት ይቀድማል። አዳራሹ ሳቀ፤ እኔ ላበኝ። መምህሩ ግን አልሳቁም። «ተመለስና በማን ዐይን እንዳዩት ጠይቃቸው» አሉኝ። ተመለስኩ። አዛውንቱ ሳይደናገጡ «አባቴ ያየውን እኔ አየሁ እላለሁ፤ እንዲህ ነው የምንናገረው» አሉኝ። ስሕተት የመሰለኝ ነገር የቃል ታሪክ ከአባት ወደ ልጅ እንዴት እንደሚተላለፍ የሚያሳይ ማስረጃ ሆነ፤ የጥናቴም ዋና ምዕራፍ ከዚያ ጥያቄ ወጣ። ያንን ዕድል በየትኛውም ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ተለጥፎ አላየሁትም።

ዛሬስ? በ1990ዎቹ መጀመሪያ በጣት የሚቆጠሩ የነበሩት የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች አሁን ከ40 በላይ ናቸው። ብዙዎቹ የድኅረ ምረቃ ተማሪ ያስተምራሉ፤ ዓመታዊ የምርምር ጉባኤ የማያዘጋጅ ማግኘት ያስቸግራል። በቁጥር ከተለካ ከእኛ ዘመን ተማሪ የናንተ ዕድል በብዙ ይበልጣል። ይሁን እንጂ ከጥቂት ዓመታት በፊት አንዲት የሦስተኛ ዲግሪ ተማሪዬ ጥናቷን ለማቅረብ በራሷ ወጪ ሁለት ቀን በአውቶቡስ ተጓዘች። የመክፈቻ ንግግሮቹ ረዝመው ተራዋ የደረሰው በመጨረሻው ቀን አመሻሽ ላይ ነው። ሰባት ደቂቃ ተሰጣት። ሰብሳቢው «ለሰዓት ሲባል ጥያቄውን እንለፈው» አሉ፤ ከዚያም የተሳትፎ ምስክር ወረቀት ተሰጥቷት ፎቶግራፍ ተነሣች። ስትመለስ «መምህር፣ ምን አሉሽ ብለው እንዳይጠይቁኝ፤ ማንም ምንም አላለኝም» አለችኝ። የጥናቶቹ ጥራዝም እስካሁን አልወጣም። ይህ የአንድ ቦታ ስሕተት ቢሆን ኖሮ ባልነገርኳችሁ ነበር። በአዳራሹ ውስጥ ካላችሁት ብዙዎቻችሁ ታሪኩን የራሳችሁ አድርጋችሁ እንደሰማችሁት ከፊታችሁ ይነበባል።

የቅኔ ተማሪው ቁራሽ ለምኖ ሲሄድ መምህሩ ቅኔውን ሳይሰማ «ለሰዓት ሲባል» ቢመልሰው ኖሮ፣ ያ ትምህርት እስከ ዛሬ ይደርስ ነበርን?

እንግዲህ ከታሪኩ የምንማረው ምንድን ነው? በመጀመሪያ ለእኛ ለመምህራን እናገራለሁ። ለአንድ ጥናት ግማሽ ሰዓት ካለን ሩቡን ሰዓት ለጥያቄ እንስጥ፤ የመክፈቻ ንግግሩ ያጥር፤ የጥናቱ ረቂቅ ከሳምንት በፊት ይድረሰንና አንብበን እንምጣ። አንድ መምህር በተማሪ ጥናት ላይ በቂ ጥያቄ ማዘጋጀት ካልቻለ ያልተዘጋጀው ተማሪው አይደለም። ሁለተኛው የተቋም ጉዳይ ነው። በ1950ዎቹ የነበሩ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎች መጽሔት ማሳተም ከቻሉ፣ እኛ ዛሬ የእያንዳንዱን ሴሚናር ጽሑፍ ከነቀኑና ከነውይይቱ ፍሬ ሐሳብ በቤተ መጻሕፍታችን የኤሌክትሮኒክ ማከማቻ ውስጥ ማስቀመጥ እንዴት ያቅተናል? ውድ ወረቀት አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው ኃላፊነቱን የሚወስድ አንድ ሰው ነው።

ለእናንተ ለተማሪዎች የምለው ደግሞ ይህ ነው። የምስክር ወረቀት አትሰብስቡ፤ ጥያቄ ሰብስቡ። ከእያንዳንዱ መድረክ ስትመለሱ የተጠየቃችሁትንና መመለስ ያቃታችሁን በማስታወሻችሁ ላይ ጻፉ፤ የሚቀጥለው ምዕራፋችሁ ብዙ ጊዜ እዚያ ውስጥ ነው። የጠየቃችሁ ሰው ካልተገኘ እናንተው ጠያቂ ሁኑ፤ አምስት ሆናችሁ በሳምንት አንድ ቀን በአንድ ክፍል ተሰብስባችሁ አንዱ የሌላውን ረቂቅ ይመርምር። የኢትኖሎጂ ማኅበሩም የተጀመረው በተማሪዎች ነው። ለሰጣችሁ ለሽማግሌውና ለእናቲቱም ጥናታችሁን መልሱላቸው፤ አንብቦ የሚያሰማቸው የልጅ ልጅ አይጠፋም። ለእኔ ካደረግኋቸው ጉባኤዎች ሁሉ የከበደኝ በዚያች የገበያ ከተማ፣ በእነዚያ አዛውንት ግቢ፣ ስለ አባታቸው የጻፍኩትን በአማርኛ ያነበብኩበት ነው። ሁለት ቦታ ላይ አቋርጠው አርመውኛል። ሁለቱም እርማት በመጨረሻው ጽሑፍ ውስጥ አለ።

ከዚህ በኋላ ያለው ሰዓት የጥያቄ ነው። ንግግሬን ያሳጠርኩት ለዚሁ ነውና እባካችሁ አትለፉኝ። ከኋላ ወንበር እንጀምር።